እትዬ ገበያነሽ ያሸተቱት ጨርቅ

ክቡራትና ክቡራን፣ የጤና ጣቢያችን ልጆች፣ ለዚህ የጡረታ መሸኛ ድግስና ትከሻዬ ላይ ላረፈው ጋቢ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተር ሕሊና ቅድም «ጋሽ ደርቤ ቁስሉን አይተው ቅጠሉን ይጠራሉ» ብላ አሞገሰችኝ። ዝም ብዬ ሰማሁ። ሠላሳ አንድ ዓመትም ዝም ብያለሁ። ዛሬም ዝም ብዬ ልሂድ?

ጀማሪ ነርስ ሳለሁ መንግስቴ የሚባል ገበሬ ክንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ከአምባራስ መጣ። ክንዱ ውኃ ቋጥሯል።

«ምን ነካህ?»

«ሳማ።»

ሳማ መቼ እንዲህ ያደርጋል? ይለበልባል፣ ያሳክካል፣ ያልፋል።

«ሌላ ያደረግህበት ነገር አለ?»

«ኧረ የለም!»

እኔ ሊቁ «አልማዝ ባለጭራ ነው» አልኩና ቅባት ቀባሁት። ፋሻ አልቆብን ስለነበር በዚያው ጨርቅ መልሼ አሰርኩለት። ኮራሁም! በሦስተኛው ቀን ክንዱ ተልጦ መጣ።

እዚያ ጥግ የተቀመጡት እትዬ ገበያነሽ ያኔ የጽዳት ሠራተኛችን ነበሩ። መጥረጊያቸውን አስደግፈው ጨርቁን አሸተቱና ፊታቸውን አጨማደዱ። «አንተ አትናገር፤ እኔ ልንገረው። አዞ ሐረግ ነው» አሉት። መንግስቴ አንገቱን ደፋ።

በእኛ አገር መድኃኒት ስሙ ከተነገረ ይረክሳል ይባል የለ? ሰውየው ለሳማው የአዞ ሐረግ ቅጠል ቀጥቅጦ አሥሮበት ምሥጢሩን መጠበቁ ነበር። እኔ ደግሞ የሚያቃጥለውን ጭማቂ ከነጨርቁ መልሼ አሰርኩበት!

«ቀባኸው እንጂ አጠብከው እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ። ጨርቁን ጣልን፣ ክንዱን በሳሙናና በብዙ ንጹሕ ውኃ ቀስ ብለን አጠብን፣ በንጹሕ ፋሻ ሸፈንን። ዳነ።

ከዚያ ወዲያ ቁስል ሳይ መጀመሪያ ጨርቁን አሸታለሁ። የቁልቋል ወተት የነካው ሲመጣም «ታጠብ፣ ዓይንህን እንዳትነካ» እላለሁ። ይህ ሁሉ «የደርቤ ዘዴ» ተብሎ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። «ማን አስተማረህ?» ሲሉኝ ምን መለስኩ? «ልምድ ነው» አልኩ። እትዬ ገበያነሽ፣ ያን ቀን ሻይ አፍልተው ያቀረቡልን እርስዎ ነበሩ። ቀና ብዬ አላየሁዎትም። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እባክዎ ይነሡልኝ። ይህ ጋቢ የእርስዎ ነው። «ተው ደርቤ» ይሉኛል፤ አልተውም፣ እወድዎታለሁ።

ልጆቼ፣ እጃችሁ መድኃኒት ይሁን። ምሥጢር የሚደብቅ በሽተኛ ሲገጥማችሁ ቅጠሉን እናንተ ጥሩለት። ያስተማራችሁን ሰው ስም ለመጥራት ግን እንደ እኔ ጡረታ እስክትወጡ አያቆያችሁ። አሜን በሉ።