የሐጂ አብዱሰመድ በርሜልና የቱሪያ ዝምታ

«ሰላም ነው እኮ ያልኩሽ፣ ቱሪያ! ለሰላምታም ቀረጥ ተጣለበት እንዴ?»

ቱሪያ አልመለሰችም። ሻርፗን አፍና አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ግቢውን እንደሚያባርሩት ሰው አቋርጣ ወጣች። የቆርቆሮው በር ከኋላዋ ጓ ብሎ ተዘጋ። ባሏ ሐጂ አብዱሰመድ በአንድ እጃቸው ማራገቢያ፣ በሌላው መቆንጠጫ እንደያዙ ቀሩ።

ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ከጁምዓ ሶላት መልስ። ሐጂ በየሳምንቱ በዚህ ሰዓት የፍየል ጎድን ይጠብሳሉ። ጡረታ እስኪወጡ የምድር ባቡር በያጅ ነበሩና፣ መጥበሻቸውን ከግማሽ በርሜል በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት፤ እግሮቹ እንኳን ጎድን ፉርጎም ይሸከማሉ። የሰፈራቸው የለገሃሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የማያውቅ ካለም ጭሱ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያስተዋውቀዋል።

በየሳምንቱ በዚህ ሰዓት ደግሞ ቱሪያ ቃል ሳትተነፍስ ወደ እህቷ ቤት ትሄዳለች። ጎድኑ አልቆ እንግዳው ሲበተን ትመለስና ድርሻዋን ከተከደነ ሳህን ቀዝቅዞ ትበላለች። ሐጂ ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ከርመው የደረሱበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ቱሪያ በስም የምትጠራትን ጥቁር ፍየል ሳያማክሯት አርደው ነበር። ለፍየል ይህን ያህል ቂም የሚያዝ ከሆነ ደግሞ፣ ትዳሩ አደጋ ላይ ነው ማለት ነው።

ይህን እያሰላሰሉ ሳለ በሩ ተንኳኳና ባርኸድ ገባ። የጎረቤታቸው የሙልኪ ልጅ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ያስተምራል።

«እሰይ! አንተን ነው የምፈልገው» አሉ ሐጂ። «ቱሪያ እንደ ልጇ ነው የምታይህ። ሂድና አስታርቀን። ስለ ፍየሏ ይቅርታ ጠይቋል በላት።»

«አዴር» አለ ባርኸድ፤ እንደ ሶማሌዎቹ ወግ አጎቴ ማለቱ ነው። «አሁን ከበር ውጭ አገኘኋቸው። ሰላም አሉኝ፣ እናቴ እንዴት እንደዋለች ጠየቁኝ። ስለ ፍየል ያነሱት ነገር የለም።»

«ታዲያ ለእኔ ሲሆን ምላሷ የት ይገባል?»

«ትንፋሻቸውን ይዘው ስለሚያልፉ ነው።»

ማራገቢያው ቆመ። «ምን አልክ?»

«አስም አለባቸው አይደል? ግቢው በጭስ ሲሞላ፣ ቤት ውስጥ አየር ይስቡና ሳይተነፍሱ እስከ በሩ ይሄዳሉ። ሳገኛቸው ግንቡን ተደግፈው ያለከልኩ ነበር፤ ከውኃ እንደወጣ ዋናተኛ።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«እኔም እንደዚያው ብዬ ጠየቅኋቸው። ‹የሐጂ ደስታ ዓርብ ብቻ ናት፤ እሷንማ አልወስድበትም› አሉኝ።»

ሐጂ ወደ በርሜላቸው ዞር ብለው ፍሙን ያለ ምክንያት ቆሰቆሱ። ልባቸው ተነክቷል። ይሁን እንጂ በገዛ እጁ የሠራውን ዕቃ በአንድ ንግግር አሳልፎ የሚሰጥ በያጅ እስከ ዛሬ በሰፈራችን አልታየም።

«ምን ይሻላል ትላለህ?»

«እኛ ቤት ያለውን የቡታጋዝ መጥበሻ ይሞክሩት።»

«ቡታጋዝ ሻይ ማፍያ ነው! ሥጋ እሳት ማየት አለበት።»

«የጋዙም እሳት ነው እኮ፣ አዴር። እርስዎ—»

«ደግሞ ምን እርስዎ እርስዎ ትለኛለህ? የድሬ ልጅ አይደለህም? ድሬ ላይ አንቱታ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ልከራከርዎ ስለሆነ ነው። ክርክር በአንቱታ ሲሆን ብዙ አያቆስልም።»

ሐጂ ሳይወዱ ሳቁ። «እሺ ተከራከር። ጣዕሙስ? ጭስ ያልነካው ጎድን ቅቅል ነው።»

«ከሰል ለሥጋ የሚሰጠው መዓዛ የለም አልልም፤ ውሸት ይሆንብኛል። ግን አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ስቡ ነው። የጋለ ብረት ላይ ሲንጠባጠብ ይተንና ተመልሶ ሥጋውን ያጥነዋል። በጋዙም ላይ ያው ነው። የሚቀረው ከሰሉ ሲቀጣጠል የሚነሳው ወፍራም ጭስ ነው፤ እሱ ደግሞ ለጎድኑ ምሬት፣ ለኤዶ ቱሪያ ሕመም ነው።» ኤዶ ማለት አክስት ነው፤ ልጁ ቱሪያን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚጠራት እንዲህ ነው።

«ይፈነዳልስ? ስንት ቤት አቃጠለ ሲባል አልሰማህም?»

«ካልተጠነቀቁለት ያቃጥላል። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ፣ ከእሳቱ ራቅ ብሎ፣ በጥላ ይቆማል፤ የድሬን ፀሐይ ያውቋታል። ጋዙን የሚያመጣው ጎማ በሳሙና ውኃ ይታሻል፤ አረፋ ከተነፋ ያፈሳል ማለት ነውና አይለኮስም። ሲለኮስ ክዳኑ ክፍት ይሆናል፤ ሲያበቃ ዋናው ቁልፍ ይዘጋል። ለመሆኑ፣ አዴር፣ ዕድሜ ልክዎን በጋዝ ሲበይዱ የኖሩ ሰው ቡታጋዝ ፈሩ ብል ማን ያምነኛል?»

ይህቺ ሐጂን ኮረኮረቻቸው። «ማን ፈራ? እኔ ጋዝ ስይዝ አንተ አልተወለድክም!»

«ከሰሉም የዋህ እንዳይመስልዎ። ያለፈው ዝናብ ሲመጣ ፍሙን ወደ ክፍል አስገብተው በሩን ዘግተው ነበር። የማይታይ፣ የማይሸት መርዝ ነው የሚያወጣው፤ ሰው እንቅልፍ ወሰደኝ ሲል እዚያው ይቀራል። እናቴ መጥታ በሩን ባትከፍተው ኖሮ…»

«ራሴን ያመመኝ ለዚያ ነው?»

«ለዚያ ነው።»

ሐጂ ጎድኑን ገለበጡ። የቀራቸውን ትልቁን መከላከያ ያወጡት አሁን ነው።

«እሺ፣ እንግዳውስ? እኔ ሰው በስልክ አልጠራም። ጭሱ ከግንቡ በላይ ሲወጣ ያየ ሁሉ ይመጣል። የአባቶቻችን ጥሪ ነው። በጋዝ ስጠብስ ማን ያውቅልኛል?»

ባርኸድ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ መምህር ቢሆንም ጨዋ ልጅ ነው።

«ልክ ነው፣ ጭሱ ሰፈሩን ሁሉ ይጠራል። ከቤት የሚያስወጣው ግን ያንኑ አንድ ሰው ነው።»

ከዚያ ሐጂ መቆንጠጫውን አስቀመጡና ወደ ቤቱ ደጃፍ ሄዱ።

«ትንፋሿን የምትይዘው ከዚህ ጀምሮ ነው?»

«ከውስጥ ጀምሮ ነው፣ አዴር። ግን ተዉት፣ ለእርስዎ—»

አልሰሙትም። ጉንጫቸውን ነፍተው፣ ሽርጣቸውን ሰብስበው ተነሱ። በርሜሉ አጠገብ ሲደርሱ ነፋሱ ጭሱን አዙሮ ፊታቸው ላይ ጣለው፤ ሳላቸው ከነእንባቸው ወጣ። ባርኸድ ደግፎ ወደ በሩ አወጣቸው። ግንቡን ተደግፈው ቆሙ፤ ቱሪያ የምትደገፍበት ቦታ መሆኑን ያወቁት ኖራው ተፍቆ በሻርፗ ቀለም መቅላቱን ሲያዩ ነው።

«በየሳምንቱ?» አሉ፣ ድምፃቸው ሲመለስ።

«በየሳምንቱ።»

«ሂድ፣ መጥበሻህን አምጣ። ሳሙናም ጨምር፤ ጎማውን የምፈትሸው ራሴ ነኝ።»

ፍሙ በውኃ ጠፋ፤ መጥበሻው ገባ። ሐጂ ጎማውን እንደ ሙሽራ አጠቡት። ግማሽ የበሰለው ጎድን አዲሱ እሳት ላይ ወጣ፤ ባርኸድም ቱሪያን ሊጠራ ሄደ።

ቱሪያ በሩ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ደረቷን ሞላች፣ ሻርፗን ጠቀለለች፣ ገባች።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ ሐጂ፣ እንደ ጎረምሳ እየፈሩ።

ግቢው መሃል ቆመች። ሰማዩን አየች፣ በርሜሉን አየች፣ ባሏን አየች። ከዚያ ሻርፗን ዝቅ አድርጋ፣ የያዘችውን ሁሉ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ወአለይኩም ሰላም» አለች።

አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚያ ዓርብ ወዲህ የመጣውን ለውጥ ጎረቤት ነኝና አይቻለሁ። ቱሪያ ከእንግዶቿ ጋር ትቀመጣለች፤ የሌሊት ሳሏ ቀንሷል። ሙልኪ ዓርብ ዓርብ መስኮት መዝጋት፣ የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ ማንሳት ትታለች። ጎድኑ እንግዳው በረሃብ ሳይዝል ይደርሳል። በከሰል ምክንያት የተራቆቱት የቢዮ አዋሌ ጋራዎችም ቢያንስ ከአንድ በርሜል አርፈዋል። እንግዳ ይቀራል የተባለውም ስጋት ከንቱ ሆነ፤ የሥጋ ሽታ እግር አለው፣ ሐጂም ስልክ መደወል ለመዱ። በርሜሉ አልተጣለም። ለዒድ ብዙ ሰው ሲሰበሰብ፣ ከግንቡ ኋላ ሜዳው ላይ፣ ነፋሱ ከቤቶች ወዲያ ሲነፍስ ብቻ ይወጣል። ጭስ የምትወዱ፣ እናንተም በግቢያችሁ ማን ዝም ብሎ እንደሚያልፍ እስቲ ልብ በሉ።

ያን ዕለት ግን ሐጂ ይህን ሁሉ አላሰቡም። ወንበር አቀረቡላት፤ ከእሳት የወጣ ትኩስ ጎድን በሳህን ሰጧት። ቱሪያ ቆረሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች። ባርኸድ እንኳን መተንፈስ አቆመ።

«እንዴት ነው?» አሉ ሐጂ።

«አርሯል።»

«በጋዝ እጄ ገና አልተፍታታም እኮ!»

ቱሪያ ሁለተኛውን ጎድን አነሳች።

«እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ የሚያሳርረው ከሰሉ ነበር የሚመስለኝ።»