አባ ቲጃኒና የክበቡ ቀለማት

ሰው ሲጣደፍ ካየሁ ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም። በጥቅምት ወር አንድ ጠዋት ጎረቤቴን አባ ቲጃኒን በጅማ መርካቶ ባጃጅ ሲጠሩ አገኘኋቸውና «ምነው፣ በሰላም ነው?» አልኳቸው።

«ምን ሰላም አለ፣ መምህር! የልጅ ልጄ ሩፈይዳ ከትምህርት ቤት ሻርፕ አጥልቃ መጣች። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ምልክት! ዛሬውኑ ከዚያ ክበብ አስወጣታለሁ። እንቢ ካሉኝ ከትምህርት ቤቱም አስቀራታለሁ።»

«የወጣት ገበሬዎች ክበብ እኮ ነው።»

«ስሙን ተዉት! በዕድሜዬ ስንት ባንዲራ ተሰቅሎ ስንቱ ወረደ? በተሰቀለም በወረደም ቁጥር የሚታሰረው የድሃ ልጅ ነው። ወላሂ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

ፍርሃታቸውን አልንቅም፤ እኔም ልጆች አሳድጌአለሁ። ሳይጠይቁ መፍረድ ግን ያናድደኛል። በአንድ ሻርፕ ምክንያት ልጅቷ ከትምህርቷ ልትቀር ነው! ሳልጋበዝ አብሬያቸው ተሳፈርኩ።

መንገዱን ሙሉ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ስልካቸውን እያዩ ተቁነጠነጡ። ማና ወረዳ ያለው ቡናቸው ነገ ሊለቀም ነው፤ ግማሹ ግን ገና አልቀላም።

«ታዲያ ምን አስቸኮለዎት?»

«ሌባ ነዋ! ቀዩን ስጠብቅ ሌላው ሌሊት ገፎት ይሄዳል። ስለዚህ ጥሬውንም የበሰለውንም አብሬ አራግፋለሁ።»

«ነጋዴውስ?»

«ነጋዴውማ በየዓመቱ ፊቱን ያጨማድድብኛል!»

ሩፈይዳን ያገኘናት በትምህርት ቤቱ ችግኝ ጣቢያ ነው። ታናናሾቿን ሰብስባ ምልክቱን እያስተማረች ነበር። አያቷን ስታይ ደነገጠች።

«ይህ ቀይ የማን ነው?» አሏት።

«የማንም አይደለም፣ አባባ። የበሰለ ቡና ነው፤ ቀዩን ብቻ ልቀሙ ማለት ነው። አረንጓዴው ገና ነውና ተዉት ይላል። ቡናማው አፈር ነው፤ ቡናችሁን መሬት ላይ አታስጡት፣ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ይድረቅ ይለናል።»

«መሀሉ ላይ ያሉት እነዚህ ሁለት እጆችስ? ለማን ነው የሚያጨበጭቡት?»

ልጆቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«አያጨበጭቡም፤ ደቦ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ተራ ገብቶ ቢጠብቅ ቡናው እስኪቀላ ይቆያል።»

«ከማን ጋር? ከማሳ ጎረቤቴ ከደምመላሽ ጋር? እኔ የምፈራው እሱን ራሱን ነው!»

ሩፈይዳ አቀረቀረች። «ልጃቸው ጽዮናዊት ከኛው ክበብ ናት። ጋሽ ደምመላሽም ጥሬውን የሚለቅሙት... እርስዎን ፈርተው ነው።»

«እኔን? አስተግፊሩላህ! እኔ ሌባ?»

ወዲያ ወዲህ ተንቆራጠጡ። አፈርኩላቸው፤ አዘንኩላቸውም። ሁለት ጨዋ ሰዎች እርስ በርስ ተጠራጥረው በየዓመቱ የገዛ ቡናቸውን ሲያበላሹ ኖረዋል! ቀዩን ብቻ የለቀመ ጥሩ ቡና ለገበያ ያቀርባል፤ አልጋ ላይ ያደረቀ ቡናው አፈር አፈር አይሸትበትም፤ ጎረቤቱን ያመነ ደግሞ በሰላም ያድራል። ይህን ሁሉ ልናገር አፌን ስከፍት አባ ቲጃኒ በእጃቸው ዝም አሰኙኝና ስልካቸውን አነሱ።

«ደምመላሽ? ቲጃኒ ነኝ። ነገ ጥሬውን አልነካም፤ አንተም እንዳትነካ። ዛሬ ማታ እኔ እወጣለሁ፣ ያንተንም ጭምር እጠብቃለሁ። ነገ ደግሞ ተራው ያንተ ነው... ኤዬ፣ አዎን፣ የኔንም አንተ ትጠብቃለህ! አምኜሃለሁ አልኩ እኮ!»

ስልኩን ዘጉና ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«አንቺስ ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? አስተምሪያቸው እንጂ! እንደኔ ከሸመገሉ በኋላ ነው እንዴ የሚማሩት?»