ከባቡሩ ጋር የሄደው ድንጋይ

ቡታጅራ ባቡር የለም። እኔ ግን ድሬዳዋ የቆመ የእንፋሎት ባቡር ፎቶግራፍ አይቼ፣ ለባቡር መንዳት ጌም የሚሆን አምሳያውን በኮምፒውተር ስሠራ ከረምኩ። እዚያው ድሬዳዋ የባቡር ጋራዥ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡት ጎረቤቴ ጋሽ ሸምሱ ካላጸደቁት ለጌሙ ሰዎች አልልክም ብዬ አሳየኋቸው። ባቡሩ ሲሄድ ተመለከቱና፣ «ከጎማው ሥር ያለው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ፍሬን መስሎኝ።»

«ድንጋይ ነው! እንዳይንሸራተት ወላሂ እኔው ነኝ ያስገባሁት። አንተ ይዘኸው ትሄዳለህ እንዴ?»

ከሁሉም በላይ የደከምኩት እሱን ስሠራ ነበር። አጠፋሁትና ባቡሩን እንደገና ነዳሁላቸው። ጣቢያ ገብቶ እስኪቆም ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«ጎበዝ» አሉኝ። «በል አሁን ድንጋዩን መልስ።»