የበሬ ሟርት

ወደ አዘዞ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ያሉ አንድ አዛውንት ገበሬ አጠገባቸው የተቀመጠችውን፣ ላፕቶፕ ያቀፈች ወጣት ጠየቋት።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«ወደ አየር ማረፊያ፣ አያ። አዲስ አበባ የኢንሹራንስ ሂሳብ ጉባኤ አለ። በኮምፒውተር የሠራሁትን ፕሮግራም አቀርባለሁ።»

«ምን ይሠራል?»

«የበሬ ኢንሹራንስ እንዲኖር፣ በዓመት ስንት በሬ እንደሚሞት ይገምታል።»

«ምነው፣ ሟርተኛ ነሽ?»

«አባቴም እንዲሁ ብለው ሳይመርቁኝ ቀሩ።»

«ታዲያ አትቀሪም?»

«አልቀርም። በሬያችን ሞቶ መሬታችን ጦም ሲያድር ማንም አላሟረተብንም ነበር።»

«በይ እኔ ልመርቅሽ፤ ይቅናሽ። የእኔን በሬ ግን አትቁጠሪው።»

«እሱንም እቆጥረዋለሁ፣ አያ።»

በጎንደር ሂሳብን ያለ አስተማሪ ጠንቅቆ የተማረ እኔን የመሰለ ሰው ባይኖርም፣ የልጅቷን ሂሳብ ሳዳምጥ መውረጃዬን አለፍኩ።