ለገባው ሁሉ የምትነሳው ልጅ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንዲት እናት ከትንሽ ልጇ ጋር ተቀምጣለች። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሰው ሲገባ ልጅቱ ብድግ አለች።

«ኖር!»

ዳባት ላይ አንድ ቄስ ሲገቡም ተነሳች።

«ኖር፣ አባ!»

«በእግዚአብሔር! ተቀመጪ ልጄ፣ መኪና ውስጥማ አይነሳም።»

ሾፌሩ በመስታወት አያት።

«እናት፣ አስቀምጫት እንጂ፤ ትወድቃለች!»

«እምቢ አለችኝ እኮ ወንድሜ! ይተዉአት አባ። ስትወለድ ሁለቱም እግሯ ወደ ውስጥ የዞረ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ቤተሰቡ ሁሉ ሲነሳ፣ እሷ ብቻ መደቡ ላይ ቀርታ ታቀረቅር ነበር።»

«አሁንስ?» አሉ ቄሱ።

«ጎንደር የልጆች አጥንት ሐኪም ቀዶ ጥገና አደረጉላት። ዛሬ ለቀጠሮ ብንሄድ፣ ‹በቃ፣ ድናለች› አሉን። ጀሶው ከተፈታ ወዲህ ማንም ይግባ ማን ትነሳለች። ትናንትማ ለዶሮዋም ተነሳች!»

ቄሱ ከት ብለው ሳቁ።

«እንግዲያው ወርጄ እንደገና ልግባ?»

«ይግቡ፣ አባ!» አለች ልጅቱ።

ደባርቅ ደርሰን ልጅቱ በገዛ እግሯ ወደ በሩ ስታልፍ፣ እኔ ከመስኮቱ ጥግ «ኖር!» ብዬ ብድግ ስል ጣሪያው አናቴን መታኝ።