ማንም ያልመረጠው መልስ

የአንዲት እናትን ቃል በትክክል አላስታውስ ይሆናል። ሰመራ ውስጥ ሕዝቡ ስለ ዴሞክራሲ የሚያውቀውን የሚጠይቅ ቅጽ ሳስሞላ፣ ሻይ ቤት ያላቸውን የወሎዋን እማማ ዘሃራን፣ "የምክር ቤት አባላት የሚመረጡት በየስንት ዓመቱ ነው?" አልኳቸው።

"ተምረህ የመጣኸው አንተ፣ የምትጠይቀው እኔን!" ብለው ሳቁብኝ። ቀጥዬ፣ "ስለ ፖለቲካ ከማን ጋር ይወያያሉ?" ስላቸው ግን አላመነቱም።

"ከሹፌሩም፣ ከግመል ነጋዴውም፣ ሻዬን ከጠጣው ሁሉ! አንተስ ልጄ?"

"እኔ ከማንም ጋር አልወያይም።"

"ያ ረቢ! ታዲያ ስትሳሳት ማን 'ኧረ ተው' ይልሃል?"

የእሳቸውን መልስ ቅጹ ላይ ሞላሁ። ሥራው ሲያልቅ የሰበሰብኳቸውን ቅጾች አንድ በአንድ አገላበጥኩ። "ከማንም ጋር አልወያይም" የሚለውን አማራጭ መልስ የመረጠ አንድም ሰው አልነበረም።