ለሁሉም እግር አንድ ዳገት

በሙያዬ ቀያሽ ነኝ። ሰው መንገድ ሲያይ መድረሻውን ያስባል፤ እኔ ግን ከሠላሳ ዓመት ልማድ የተነሣ የማስበው በየመቶ ሜትሩ ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል ነው። በዚህ ጠባዬ ለጨዋታ የማልመች ሰው ነኝ እየተባልኩ እታማለሁ። ሆኖም አንድ ቀን ለአንድ ቤተሰብ ጠቅሟልና የሆነውን እንዳየሁት ልጻፈው።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ጧት። ወደ አንቴናው ኮረብታ የሚወጣው አስፋልት ሊጠገን ስለታሰበ ለልኬት ብቻዬን ወጥቻለሁ። ከዳገቱ ሥር፣ ከጎርፍ መውረጃው ቦይ አጠገብ፣ አንድ ሽማግሌ ብስክሌታቸውን አጋድመው ቁጢጥ ብለዋል። ልርዳቸው ብዬ ተጠጋሁ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ስለነበር አላዩኝም። በአውራ ጣታቸው የኋላውን ጎማ ቫልቭ ተጭነው አየሩን ያስወጣሉ። ጎማው ምንም አልሆነም፤ የሚያስተነፍሱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ቀና ሲሉ አወቅኋቸው። የሰፈራችን ፖስተኛ ነበሩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ በብስክሌት ሲያድሉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አሁን የቅዳሜ ብስክሌተኞች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው።

«ጋሼ፣ ምን ገጠመዎት?» አልኳቸው።

«እሾህ ነው ልጄ፤ ጎማዬን ወጋብኝ» አሉና ፊቴን አዩ። ፊቴ መቼም ምስጢር መያዝ አያውቅበትም። «ከቆምክ ቆየህ እንዴ?»

«ትንሽ ቆየሁ።»

አንገታቸውን ደፉ። «እንግዲህ ካየህ አየህ። አራት ወር ሆነኝ። እዚህ ስደርስ ጉልበቴ እምቢ ይለኛል። የማኅበሩ ልጆች ‹ጋሼ ጎማ ተነፈሰባቸው› እያሉ ጥለውኝ ይወጣሉ፤ እኔም ጎማዬን ነፍቼ እስኪመለሱ እጠብቃቸዋለሁ።»

«ለምን በሜዳው በኩል አይነዱም?»

«የማኅበራችን መንገድ አንድ ነው፤ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ በዚህ ዳገት አድርጎ። ዳገቱን ያልወጣ አባል አይሆንም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ታዲያ አሁን በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ። ልኬቴን እስክጨርስ ልጆቹ ከኮረብታው ወርደው፣ «ጋሼ፣ ያ ጎማ ግን ይቀየር!» እያሉ አለፉ። ከዚያ ፖስተኛው ሻይ ካልጠጣህ ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። የአፌ መዝጊያ መሆኑ ገብቶኛል፤ ይሁንና ሻይ አልጠላም።

ቤታቸው ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ በረንዳ ነው። ልብስ ሰፊ የነበሩት ባለቤታቸው ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ግራ እግራቸውን በርጩማ ላይ አሳርፈዋል። በአጠገባቸው በሰባት ቀን የተከፋፈለ የመድኃኒት ሳጥን አለ። ነርስ የሆነችው ልጃቸው ከሥራ ወጥታ በዚያው መጥታለች፤ ነጭ ጋውኗ ወንበሩ ላይ ተጥሏል። ጠረጴዛው ላይ በእስክሪብቶ የተነደፈ የአካባቢያችን ካርታ ዘርግታለች።

«እንኳን መጡ ጋሼ» አለችኝ፤ «ዳኛ እፈልግ ነበር።»

«ዳኛ ምን ያደርጋል? ተጣልተናል እንዴ?» አሉ አባት።

«አልተጣላንም አባባ። የእማማን የምርመራ ውጤት ትናንት አብረን ሰምተናል። ስኳራቸው ጨምሯል፤ የግራ እግር ጣቶቻቸው መደንዘዝ ጀምረዋል። ሐኪሙ በእንቅስቃሴ ስኳሩን ካላወረዱት እግራቸው አደጋ ላይ ነው ብሏል። የደነዘዘ እግር ብዙ ከተራመደ ይቆስላል፤ ብስክሌት ግን ይስማማቸዋል አለ። ይህን ሁሉ እሳቸውም ሰምተውታል።»

«ታዲያ ማን ከለከላት? ማኅበሩ በሩ ክፍት ነው።»

«በሩማ ክፍት ነው፤ ከበሩ ጀርባ ግን ዳገት አለ።»

ሽማግሌው ኩባያቸውን አስቀመጡ። «ስሚ ልጄ፤ ያንን ዳገት እኔ የሰው ደብዳቤ በጀርባዬ ተሸክሜ በክረምትም በበጋም ወጥቼዋለሁ። ሰው የሚጠነክረው ከአቅሙ በላይ ሲሞክር ነው። መንገዱን ካቀለልንለት ይሰንፋል። ዛሬ ሜዳ፣ ነገ ቁልቁለት፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ አልጋ!»

እውነቱን ለመናገር ንግግራቸው ጥሩ ነበር፤ ሰውየው አነጋገር ያውቁበታል። ጧት ያየሁትን ባላይ ኖሮ አጨበጭብላቸው ነበር።

«አባባ፣ ልጠይቅዎት» አለች ልጅቱ በዝግታ። «ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ስንት ሰው ተመዘገበ?»

«ስልሳ ሦስት።»

«ዛሬ የሚነዱት ስንት ናቸው?»

«አሥራ አራት» አሉ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው።

«ከእርስዎ በቀር ሁሉም ወጣት ወንዶች ናቸው። አርባ ዘጠኙስ የት ገቡ? ከነዚያ ውስጥ ሦስቱን እኔ ክፍል ተኝተው አስታምሜያቸዋለሁ። ‹ብስክሌት ሞክሬ ነበር፣ የኔ ነገር አይደለም› ነው የሚሉኝ። የሞከሩት አንድ ቀን ነው፤ ያውም ያንን ዳገት። እኛ ለሁሉም በሽተኛ እኩል መድኃኒት ብንሰጥ ግማሹን እንገድል ነበር።»

ወደ ካርታው ጎንበስ አለች። «ይኸው፣ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ወንዙን ተከትሎ እስከ ውኃ መሳቢያው ደርሶ መመለስ ነው፤ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር፣ ሜዳ፣ መኪና የማይበዛበት። ሁለተኛው ከድልድዩ ታጥፎ በጡብ ፋብሪካው የሚዞረው ነው፤ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ሦስት ለስላሳ አቀበቶች አሉት። ሦስተኛው የእርስዎ ዳገት ነው፤ እሱን ማንም አይነካብዎትም።»

«ጥሩ፣ ልሸነፍልሽ» አሉ አባት፤ ግን አልተሸነፉም ነበር። «እስቲ ይህን መልሽልኝ። ማን ነው ሰፈር እያየው ‹እኔ ደካማ ነኝ› ብሎ ከደካሞቹ ጋር የሚሰለፍ? አንቺ ልታድኚያቸው ብለሽ ታዋርጃቸዋለሽ። ሰው ከውርደት ቤቱ መቀመጥ ይሻለዋል።»

ይህ ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ሽማግሌው ስለ ማን እንደሚናገሩ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩና ኩባያዬን አስቀመጥኩ።

«ይፈቀድልኝ» አልኩ። «ያ ዳገት በየመቶ ሜትሩ ዘጠኝ ሜትር ከፍ ይላል፤ አራት ኪሎ ሜትር ሙሉ እንደዚያው ነው። እኛ መንገድ ሠሪዎች እንዲህ ያለ አቀበት ሲገጥመን ለከባድ መኪናዎች በቀኝ በኩል ተጨማሪ መስመር እንሠራላቸዋለን፤ ቀስ ብለው እንዲወጡ። ያንን መስመር የያዘ መኪና ሰነፍ ነው ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። የተሸከመው ጭነት ስለሚታየን ነው። የሰው ጭነት ግን አይታይም፤ ዕድሜ፣ ስኳር፣ ያረጀ ጉልበት፣ ሐዘን። ስሙን ነው መጠንቀቅ ያለብን። የደካሞች፣ የብርቱዎች አንበል። የወንዙ መንገድ፣ የጡብ ፋብሪካው መንገድ፣ የአንቴናው መንገድ እንበል፤ ሰውም የሄደበትን ይጥራ።»

«ያረጀ ጉልበት» ስል ሽማግሌው አፈጠጡብኝ። መሐላዬን አላፈረስኩም፤ ጠጋ ብዬው ነበር ግን።

ይህን ጊዜ ባለቤታቸው ከመስኮቱ ሥር ተናገሩ።

«እኔም ልናገር። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አብሬህ ወጥቼ ነበር፤ ትዝ ይልሃል? ከዳገቱ ሥር እግሬ ከዳኝ። አንተ ከልጆቹ ጋር ወጣህ። እኔ ብስክሌቴን እየገፋሁ በዋናው መንገድ ተመለስኩ፤ የማውቀው ሰው ሁሉ በሱቁ በር ቆሞ እያየኝ። ስትመጣ ‹ገና ነሽ› አልከኝ። ከዚያ ወዲህ ብስክሌት ነክቼ አላውቅም። ዳገቱ አሸንፎኝ መሰለህ? ካንተ ጋር ለመሄድ አልበቃም ብዬ ነው የተውኩት። አሁንም ልጄ የምትለውን እሰማለሁ፤ እግሬን እንዳላጣ እፈራለሁ። ግን ያንን ቀን ከምደግመው እዚሁ መቀመጡን እመርጣለሁ።»

ፖስተኛው ተነሥተው በረንዳው በር ላይ ቆሙ፤ ተመልሰው መጥተው ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀመጡ።

«እኔም አልወጣውም» አሉ።

«ምኑን?»

«ዳገቱን። አራት ወር ሆነኝ። ከሥሩ ስደርስ በጣቴ የጎማዬን አየር አስወጣለሁ። ይህ ሰው ዛሬ አይቶኛል፤ በይሉኝታ ነው የሸሸገልኝ። ለሌላው ያወጣሁት ደንብ ለራሴ ሲከብደኝ ማታለል ጀመርኩ። አንቺ ግን አላታለልሽም፤ በሰው ፊት ገፍተሽ ተመለስሽ። ይቅር በይኝ።»

ባለቤታቸው እጃቸውን ያዙት። እኔ ወደ ካርታው አቀረቀርኩ። ዓይኔ እንባ ስላቀረረ አንድም መንገድ አልታየኝም።

በማግስቱ አራታችንም በብስክሌት፣ በዝግታ፣ የወንዙን መንገድ እየለካን ሄድን። መኪና የሚያሰጋው አንድ ቦታ ብቻ፣ የድልድዩ ማቋረጫ ላይ ሆኖ ስላገኘነው እዚያ ከብስክሌት ወርዶ መሻገር ግዴታ እንዲሆን ተስማማን። አዲሱን ደንብ ፖስተኛው በራሳቸው እጅ ጽፈው በብስክሌት ጠጋኙ ሱቅ በር ላይ ለጠፉት። ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ ይላል። አዲስ ገቢ ሁሉ በወንዙ መንገድ ይጀምር፤ ዘጠኙን ኪሎ ሜትር በሳምንት ሦስት ጊዜ ነድቶ በማግስቱ ሰውነቱን ካላመመው ወደ ጡብ ፋብሪካው ይለፍ። ከጎኑ ካለው ሰው ጋር እያወራ መንዳት ያቃተው መንገዱ በዝቶበታል፤ መዝፈን የቻለ ደግሞ አንሶታል። ይህን የመጨረሻውን የጨመረችው ነርሷ ናት። ድምፁ የማያምር ሰው እንዳይዘፍን ይከልከል ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ የሰማኝ የለም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሠላሳ አንድ ሰው መጣ፤ አሥራ ዘጠኙ የወንዙን መንገድ ያዙ። ከዓመታት በፊት ከዳገቱ ሥር የተመለሱ ሁለት ሴቶችና ከነርሷ ክፍል የወጣ አንድ አናጢ ነበሩባቸው። ዳገተኞቹም አልሰነፉም፤ ደካማ መጠበቅ ስለቀረላቸው እንዲያውም ፈጠኑ። አንባቢ ሆይ፣ ብርቱው ብርታቱን ሳያጣ ደካማው ከቤቱ ከወጣ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ እየተጨዋወተ ላብ ካወጣ፣ አልጋ ይዞ ይቀር የነበረው በገዛ እግሩ ገበያ ደርሶ ከተመለሰ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ትርፍ አለ? የፖስተኛው ባለቤት ስኳር በስድስት ወር ውስጥ ወረደ። የጣቶቻቸው ድንዛዜ አልጠፋም፤ ግን አልባሰም፤ እግራቸውም አብሯቸው አለ።

በስምንተኛው ወር አንድ ቅዳሜ እኔም ከወንዙ መንገደኞች ጋር ነበርኩ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ የፖስተኛው ባለቤት ብስክሌታቸውን አቆሙ።

«ዛሬ በጡብ ፋብሪካው በኩል ልዞር ነው» አሉ።

ፖስተኛው ወደ መጀመሪያው አቀበት ተመለከቱ። «እኔ እኮ እሱን አልችለውም» አሉ። የተናገሩት ሃያ በሚሆን ሰው ፊት ነበር፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አላደረጉም።

«አውቃለሁ። ቅር ይልሃል?»

«ሂጂ» አሉ፤ «እኔ ከአዲሶቹ ጋር እሆናለሁ።»

ባለቤታቸው ማርሻቸውን ቀይረው አቀበቱን ወጡ። ፖስተኛው እስኪታጠፉ ድረስ ቆመው አዩዋቸው፤ ከዚያ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠራረጉና ወደ እኛ ዞሩ። በዚያ ቀን የጀመረች አንዲት ወፍራም ሴት መሪውን ጨብጣ ቆማለች፤ እንደ ፈራች ያስታውቃል።

«በሉ እንሂድ» አሉ። «አንቺ ከፊት ሁኚ ልጄ፤ የምንሄደው ባንቺ ልክ ነው።»

እሷን ከፊት አስቀድመው፣ እሳቸው ከሁላችንም ኋላ ሆነው ነዱ።